ወደ በግ አገር በግ ጎትቶ መሄድ

አዳማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጥር ወዲህ ሱቄ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ ሱሪውን ከማስለካቱ በፊት «እስቲ የበጉን ነገር አጫውቺኝ» ይለኛል። አጫውቼ አጫውቼ ምላሴ ላይ ፀጉር በቀለ። እናንተም ስሙ፣ እኔም ልረፍ ብዬ ጻፍኩት። መቼም ጋይንትና ስማዳ ድረስ ትሄዳላችሁ ብዬ አላስብም፤ ከናንተ ውስጥ ደብረ ብርሃን ሲባል ገና ጋቢ የሚፈልግ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባገባሁ በአስራ አንድ ዓመቴ ነው የወለድኩት። እስከዚያ ሐኪም ቤቱንም ጸበሉንም አዳርሼዋለሁ። እማዬ የስማዳ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ነው አዳማ የመጣችው። ለኔ ትንፍሽ ሳትል ለተወለደችበት መንደር ማርያም ተሳለች። ስለቱ ደግሞ እንደ ሰው ስለት ጥላ ወይ ጧፍ አይደለም፦ «ሰናይት ልጅ ብትወልድ፣ በእጄ ያሳደግሁትን በግ በገዛ እጇ ጎትታ ደጅሽ ድረስ ታመጣዋለች።» ናቲ ተወለደ። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው። ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር እማዬ ብድግ ትልና «ስለቴ ነው! እዳዬ ነው!» እያለች ደረቷን ትመታለች። እሷ እግሯ ስለታመመ መንገድ አትችልም። አንድ ቀን «ለቤተ ክርስቲያኑ በባንክ ብንልክስ?» ብላት፣ «በጉ በባንክ ይሄዳል?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ በስለቱ ብዙም አላመንኩም ነበር። የሄድኩት ለእናቴ እንቅልፍ ስል ነው። በጉንም አልወደውም። መላ አካሉ ነጭ፣ ራሱ እስከ አንገቱ ጥቁር፣ ሱፍ የሚባል የሌለው የቆላ በግ ነው። መነኩሴ ቆብ የደፋ ስለሚመስል እማዬ «ቆቡ» ትለዋለች። ሱቄ ገብቶ የሰው ጨርቅ ሲያላምጥ ስንት ቀን አባርሬዋለሁ።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጎረቤታችን ተፈራ ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ታቦር የሚመላለስ ሾፌር ነው። ቆቡን ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ አስረን እኔ ጋቢና ገባሁ። እማዬ ናቲን አዝላ በሩ ላይ ቆማ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በእጅሽ! ለሌላ ሰው ገመዱን አሳልፈሽ እንዳትሰጪ፣ በእጅሽ!» የአባይ በረሃን ስንወርድ ሙቀቱ ልክ እንደ አዳማ ሆነና ቆቡ ከላይ ባ እያለ ዘፈነ። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ግን ዝም አለ። የአልጋ ቤቱ ሴትዮ እኔንና በጉን አፈራርቃ አየችና «ለሳቸውም አልጋ ይያዝ?» አለችኝ። ተፈራ መሬት እስኪቀመጥ ሳቀ። ቆቡ ከዘበኛው ጋር ዘበኛው ቤት አደረ፤ ጠዋት ዘበኛው «እኔ ነኝ የሞቅኩት፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ።

ሐሙስ ከባህር ዳር አልፈን ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ይገባ ጀመር። እኛ አዳማ ጥር ላይ ሌሊት አንሶላ እንጥላለን። እዚያ ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ በላዩ ካፖርት ለብሶ «ዘንድሮ ብርዱ ቀለል ብሏል» ይላል። ቆቡን ከመኪናው ሳወርደው አራቱም እግሩ ይንቀጠቀጣል። ያፈሰሰው ንፍጥ አፍንጫው ላይ ሊደርቅ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። በጉ መንገድ ላይ ቢሞት ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ሌላ ገዝቶ መተካት አይቻልም፤ በእጇ ያሳደገችው እሱን ብቻ ነው።

ተፈራን አመስግኜ ገበያ ሮጥኩ። አንድ የባና ሻጭ ሽማግሌ የተቀዳደደ ባና አገኙልኝ። ባና ማለት ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ውሃ እንኳ ቶሎ አያልፈው። «ለማን ነው የምትሰፊው፣ ለልጅ?» አሉኝ። «ለበግ» አልኳቸው። ሽማግሌው በጉን አዩና «ባናው እኮ የበግ ነው። በግ የበግ ፀጉር ከሰው ተውሶ ሲለብስ ዛሬ ገና አየሁ» አሉና ክር ጨምረው በነጻ ሰጡኝ። መቼም ሃያ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ደረቱን ለካሁ፣ ወገቡን ለካሁ፣ ሆዱ ስር በቁልፍ የሚዘጋ ኮት በእጅ መርፌ ሰፋሁለት። ቆቡ ኮቱን ለብሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ መንቀጥቀጡም ተወው። ወድጄው አላውቅም ያልኩትን በግ ያን ቀን ግንባሩን ሳምኩት።

ዓርብ በሚኒባስ በነፋስ መውጫ በኩል አድርገን ታች ጋይንት አርብ ገበያ ገባን። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ያላገጠብኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው፤ «ወደ በጌምድር በግ? ጎበዝ፣ ወደ ባሕር ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አግኝተናል!» የድሮ ሰዎች ይህን አገር በጌምድር የሚሉት የበግ ምድር ስለሆነ ነው ይላሉ፤ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ያን ቀን ግን በዓይኔ አረጋገጥኩ። ገበያው እየተበተነ ነው። ሰው ሁሉ በግ እየነዳ ወዲያ ይሄዳል፣ እኔ በግ እየጎተትኩ ወዲህ እመጣለሁ። የነሱ በጎች አጠር፣ ክብ፣ ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። የኔው ረጅም እግሩን እየወረወረ ኮት ለብሶ ይራመዳል።

«እታለም፣ ሳይሸጥልሽ ቀረ?» አሉኝ አንድ አባት።

«ከአዳማ ነው ያመጣሁት።»

አማተቡ።

ወዲያው ሰው ከበበኝ። አንዱ «ፍየል ነው» ይላል። ሌላው ኮቱን ገልጦ ከኋላው ያያል፤ «ላት ያለው ፍየል ታውቃለህ? በግ ነው!» ይላል። «ታዲያ ፀጉሩ የት ሄደ?» «በሽታ ይሆናላ!» አንዲት ሴት «ጠቦት ነው ሙክት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቋንቋው አልገባኝም። አዳማ በግ በግ ነው፤ ወይ ትልቅ ነው ወይ ትንሽ። እነሱ ግን ለዕድሜውም ለኑሮውም ስም አላቸው። የሚጠባው ግልገል ነው፤ ወንዱ ከፍ ሲል ጠቦት ይሆናል፤ ተኮላሽቶ ሲደልብ ሙክት ይባላል፤ መንጋው ውስጥ ለዘር የሚቀረው አውራ ነው፤ መውለድ እንቢ ያለችው መሲና ናት። ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ትንሽ ጎን ጎኔን ወጋችኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰፈር ውስጥ ማን ምን እንዳለኝ አልረሳሁትም። ሴትዮዋ በጉን ከስር አየት አደረገችና «አውራ ነው! አልተነካም!» ብላ አወጀች። እማዬ ለታቦት ነውር ያለበት አይቀርብም ብላ ነበር ያላስነካችው።

አያ ደምሌን ያገኘኋቸው እዚያው ግርግር ውስጥ ነው። የእማዬ የእህቷ ልጅ ናቸው፤ ስልሳውን የዘለቁ ረጅም ገበሬ። እማዬ በስልክ «ልጄ ትመጣለች» ስትላቸው መስመሩ ተቋርጧል፤ የሚያውቁት መምጣቴን ብቻ ነው። አቅፈው እያገላበጡ ሳሙኝ። ከዚያ በጉን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምነው እህቴ፣ ይህን ሁሉ አገር! ባዶ እጅሽን ብትመጪስ ምን ነበረበት?»

መድከሜን አይተው ያዘኑልኝ መሰለኝ። «ኧረ ምንም አይደል፣ እማዬ በእጇ ያሳደገችው ነው» አልኳቸው። አናታቸውን እየነቀነቁ ወደ ቤት መሩኝ።

ቤታቸው ሲገባ ቆቡ የተቀበለው ክብር ለኔ ቢሆን ኖሮ እፈራ ነበር። ከምድጃው አጠገብ አሰሩት፣ ገብስ በሰፌድ ቀረበለት። ሚስታቸው እትዬ ይመኙ በየደቂቃው እየመጡ ያሻሹታል። ጎረቤት እየገባ በጉን ያይና ወደኔ ዞሮ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ያክብርሽ» ይለኛል። ይህ ሕዝብ እንዴት እንግዳ ይወዳል አልኩ። ቀኑ ጾም ነውና የገብስ ዳቦና ድንች በድቁስ በላን፣ ጠላም ጠጣን። ለእማዬ ደውዬ «ደህና ደርሰናል፣ በግሽን እንደ ሙሽራ ነው የያዙት» አልኳት። አጎዛ አንጥፈውልኝ፣ በላዬ ላይ ሁለት ባና ጭነውብኝ ተኛሁ። ከታች የበግ ቆዳ፣ ከላይ የበግ ፀጉር፣ ከአጠገቤ በግ። አዳማ ውስጥ ባለ ስፖንጅ አልጋዬ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የነቃሁት በቢላ ድምፅ ነው። አንድ ሰው ከውጭ በድንጋይ ላይ ቢላ ይስላል። ደስ አለኝ! «አዬ ሰዎች፣ ለኔ ብለው ሊያርዱ ነው» አልኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

አጥሩ ስር አስር የሚሆን ጎረቤት ተሰብስቧል። የቆቡ ኮት ተወልቆ፣ በአራት ታጥፎ፣ ግንድ ላይ ተቀምጧል። አያ ደምሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢላውን ይስላሉ። ቆቡ ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ፣ ገብሱን እያላመጠ፣ ትከሻቸውን ያሸታል። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር።

«አያ ደምሌ!» ብዬ ጮህኩ። «የማርያም ነው! የስለት ነው! የማርያም ነው!»

ቢላው ከእጃቸው ወደቀ። የተሰበሰበው ሰው አንድ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አያ ደምሌ እጃቸውን አየት አደረጉና ልብሳቸው ላይ ጠረጉት፤ ገና ምንም አልነካውም እኮ።

«የታቦት?» አሉ። «እኔ ደምሌ… የእመቤቴን ስለት… በገዛ ቢላዬ?»

ነገሩን ያስረዱኝ እትዬ ይመኙ ናቸው። በነሱ አገር ዘመድ በግ እየጎተተ ከመጣ ለቤቱ ያመጣው ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያመጣውን ደግሞ በማግስቱ አለማረድ ሰጪውን መናቅ ነው፣ «በግሽ አልጣመንም» እንደ ማለት ነው። ለዚህ ነው ገና ሳይነጋ የተጣደፉት። ዓርብ ባይሆን ኖሮማ ማታውኑ ነበር! ማታ የመረቀኝ ጎረቤት ሁሉ ለካ የመረቀኝ ስለ ሥጋው ነው። እትዬ ይመኙ ይህን ሲነግሩኝ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ እኔን ያዘኝ። ከዚያ አጥሩ ስር ያለው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አያ ደምሌ ብቻ ነበሩ ያልሳቁት። የመጣ ጎረቤት አፉን አብሶ አይመለስም ብለው የራሳቸውን ሙክት አረዱና ቁርስ በላን። ለእኔ ምርጥ ምርጡን እያጎረሱ እሳቸው አልቀመሱም።

«ቢላ ያነሳሁበትን ደጇ ሳላደርስ እህል አይገባኝም» አሉና በትራቸውን አንስተው፣ ኮቱን መልሼ ያለበስኩትን ቆቡን እየጎተትኩ ስወጣ ተከተሉኝ።

ወደ ስማዳ የሚሄደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ፣ መለዋወጫውም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ «ማርያም ከሆነ የምትሄዱት በእግር ይቀርባችኋል» ብሎ ወደ አንድ ተራራ ጠቆመ። በአዳማ «ይቀርባል» ማለት ከባጃጅ ማዞሪያው ወዲህ ማለት ነው። እዚያ ሦስት ሰዓት ሄደን ተራራው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ቆቡ ዳገቱ ስር ሲደርስ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። ብጎትት የለም። ብለማመጥ የለም። ጨው ባስልሰው ጨዉን ልሶ ተኛ። ሰኮናው የሜዳ ሰኮና ነው፤ ድንጋዩ በላው።

«ልሸከመው» አሉ አያ ደምሌ፣ ወዲያው ደግሞ እጃቸውን ሰበሰቡ። «አይ፣ በእጅሽ ነው የተባለው። እኔስ በየትኛው እጄ!»

እኔ ልሸከመው ሞከርኩ። ሦስት እርምጃ ሄጄ አብረን ወደቅን። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የናቲ ፊት ነው የመጣብኝ። የማላምንበት ስለት ዳገት ስር ቀርቶብኝ እንደዚያ ሆድ ባሰኝ።

ከታች ካለው አውድማ ገብስ ሲያበራዩ የነበሩ አንዲት ጠንካራ ሴት ገለባ የሚያነሱበትን መንሻ ይዘው መጡ። ወይዘሮ አለሚቱ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማሳውንም በጎቹንም ራሳቸው ናቸው የሚያስተዳድሩት። ጉዳዩን ሰሙና ሳቁብን።

«በግ ተጎትቶ ዳገት ወጥቶ ያውቃል? በግ በግ ይከተላል እንጂ! ዛሬ እዚህ እደሩ። ነገ የኔዋ ትመራዋለች።»

አሳደሩን። እግራችንን በሞቀ ውሃ አጠቡን፣ በሶ በማር በጠበጡልን፤ አያ ደምሌ ግን ውሃ ብቻ ጠጡ። ቆቡን ደግሞ ሰኮናውን ቅቤ ቀቡለት። እንግዳ ተቀባይነት የምንለው ነገር እኛ ከተማ ውስጥ ለስላሳ መክፈት ነው።

እሑድ ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት። ወይዘሮ አለሚቱ አንዲት ጥቁር እናት በግ ፈትተው ፊት ፊት ለቀቋት። ቆቡ አያት። ተነሳ። ኮቱን አራገፈና ገመዱን ከኔ እጅ ሊበጥስ ምንም ሳይቀረው ዳገቱን ተያያዘው። እኔ ነኝ የተጎተትኩት! አያ ደምሌ ከኋላ «ቀስ፣ ቀስ በል አንተ፣ ንግሥ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም!» እያሉ ይሮጣሉ። ከቢላው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ስለት የሚቀበሉት አባት እጅግ ያረጁ ቄስ ናቸው። ሰው ጥላ ያስገባል፣ መጋረጃ ያስገባል። ተራዬ ደረሰና ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ቀረብኩ። ኮት የለበሰውን በግ ሲያዩ ካህናቱ ተያዩ።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«በግ ነው አባ። እናቴ ናት የተሳለችው። እኔ ልጅ እንድወልድ።»

«ወለድሽ?»

«ወለድኩ።»

«ስመ ክርስትናው ማነው?»

«ወልደ ማርያም።»

ወደ ሕዝቡ ዞሩና ድምፃቸውን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ «ወልደ ማርያም ተወልዷል!» አሉ፣ ልክ ያን ዕለት የተወለደ አስመስለው። ቅጥሩ በእልልታ ተናወጠ። የማያውቁኝ ሴቶች አንገቴን አቅፈው እልል ይላሉ። አዳማ ስወልድ ሆስፒታሉ «ድምፅ ቀንሱ» ብሎን ነበር። ገመዱን አስረከብኩ። መዳፌ ገመዱ የበላው ቦታ ላይ ቀልቷል። ምን እንዳመንኩ አላውቅም፣ ግን እዚያው ተንበረከክሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ስለቱ ለጨረታ ወጣ፣ እንደ ወጉ። አያ ደምሌ ቆቡን ለማስቀረት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጫረቱ። ወይዘሮ አለሚቱም ተጫረቱ። አያ ደምሌ ሲጨምሩ እሳቸው ይጨምራሉ፤ ሕዝቡ ጨዋታ አደረገው። በመጨረሻ ወይዘሮ አለሚቱ «አንተ እኮ ቢላ አንስተህበታል!» ሲሏቸው አያ ደምሌ ከጨረታው ወጡ፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቆቡ ለወይዘሮ አለሚቱ መንጋ አውራ ሆኖ ቀረ። ጥቁሯን በግ ተከትሎ ዳገቱን ሲወርድ ወደኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ውለታ ቢስ!

ሰኞ አያ ደምሌ ወደ ጋይንት ተመለሱ፤ ስንለያይ ጭብጥ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ጨምረው «በሚቀጥለው ባዶ እጅሽን ነይ፣ እለምንሻለሁ» አሉኝ። እኔ የስማዳ ከተማ ወገዳ ወጥቼ የእስቴን አውቶቡስ ያዝኩ። ስልኬ ከቅዳሜ ጀምሮ መስመር አልነበረውም። እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ሆና ይሆን እያልኩ የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። መናኸሪያው ላይ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ስንት ጊዜ ስትሞክር እንደነበር አንድዬ ይወቅ።

«ደረሰ?»

«ደረሰ እማዬ።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

 የደብረ ታቦር ተሳፋሪ የሚጠራው ሰው ጆሮዬ ስር ይጮሃል፤ ስልኩን ይበልጥ አስጠጋሁት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «ሰናይት፣ ነግሬሽ አላውቅም። ይህን ልጅ አዝዬዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን 'የኔ' ብዬ ጠርቼው አላውቅም። የተዋስነው ይመስለኝ ነበር። ባለቤቱ እመቤቴ መጥታ 'መልሱ' የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።»

 ሦስት ዓመት አንድ ቤት እየኖርን አላስተዋልኩም፤ እውነቷን ነው፤ ሁልጊዜ «ናቲ» ወይ «ያንቺ ልጅ» ነው የምትለው።

ከዚያ ከስልኩ ራቅ ስትል ተሰማኝ። ግቢያችን ውስጥ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ትጠራዋለች።

«የኔ ልጅ! ና እስቲ የኔ ልጅ! የኔ!»

እየሮጠ ሲመጣ የጫማው ድምፅ ተሰማኝ። እኔን ረስታ ስልኩን ዘጋችው።